አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ፦ የትልቁ አንጀት ቁስለት መድኃኒትን በጥንቃቄ መውሰድ የሚቻለው እንዴት ነው?

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሲከሰት በምሥራቅ አፍሪካ ብዙዎች በቅድሚያ የሚጠረጥሩት አሜባን ነው።  ይሁን እንጂ የታዘዘው መድኃኒት ተወስዶ ካለቀ በኋላም ደሙ ካልቆመ፣ ሕመሙም ለሳምንታት እየተሻለና እየተመለሰ ከቀጠለ መንስኤው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ መንስኤዎች አንዱ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ የተባለው የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው። ሕመሙን የሚቆጣጠሩ መድኃኒቶች አሉ። በአግባቡ የሚወስዷቸው ብዙ ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ፣ ልጆቻቸውን እያሳደጉ ለዓመታት ይኖራሉ።

ሆኖም እነዚሁ መድኃኒቶች ያለ ምርመራ ሲጀመሩ፣ በድንገት ሲቋረጡ ወይም ከማይስማማቸው ሌላ መድኃኒት ጋር ሲወሰዱ ለሕይወት አስጊ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመሆኑ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ምን ማወቅ አለባቸው?

ሕመሙ ምንድን ነው?

አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ በተለምዶ "አልሰር" ከሚባለው የጨጓራ ቁስለት ጋር በስም ቢመሳሰልም የተለየ ሕመም ነው። የሚያጠቃው ጨጓራን ሳይሆን የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ነው። መቆጣቱ ከፊንጢጣ ይጀምርና ሳይቋረጥ ወደ ላይ ይዘልቃል። በአንዳንዶች ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ ሲወሰን በሌሎች ደግሞ መላውን ትልቁን አንጀት ያዳርሳል።

መንስኤው ይህ ብቻ ነው ተብሎ የሚጠቀስ አንድ ነገር የለም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ የአኗኗርና የአካባቢ ሁኔታ እንዲሁም በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተደማምረው የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የገዛ አንጀቱን እንዲያጠቃ ያደርጉታል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ደም ወይም አክታ መሰል ነገር የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ፋታ የማይሰጥ የመጸዳዳት ስሜት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ድካም፣ የደም ማነስና የክብደት መቀነስ ዋነኛ ምልክቶቹ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ዕድሜ ነው።

ሕመሙ ለረጅም ጊዜ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ በሽታ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። አሁን ግን በአፍሪካ፣ በእስያና በመካከለኛው ምሥራቅ ከተሞችም እየታየ ነው። ከአፍሪካ ወደ ሌላ አህጉር ተሰደው ለዓመታት የኖሩ ሰዎችም በሕመሙ ሊያዙ ይችላሉ።

መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሕመሙ በእርግጥ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለዚህም የሰገራና የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ከዚያም በኮሎኖስኮፒ የአንጀቱ ውስጥ ታይቶ ናሙና ይወሰዳል።

ይህ ምርመራ የሚያስፈልገው ለስም ብቻ አይደለም። አሜባ አንጀትን ሲያቆስል ከአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ጋር እጅግ ሊመሳሰል ይችላል፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስን የሚያረግበው የስቴሮይድ መድኃኒት በአሜባ ለታመመ ሰው ከተሰጠ ጥገኛ ተዋሲያኑ እንዲስፋፋና አንጀቱ እንዲበሳ ሊያደርግ ይችላል።

የአንጀት ቲቢም እንዲሁ ከአንጀት ቁስለት ሕመሞች ጋር ይምታታል። በተለይ ክሮንስ ከተባለው ሌላው ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት ለመለየት ባለሙያዎችንም ሊያስቸግር ይችላል።

ሌላው ብዙም የማይነገርለት ስትሮንጂሎይደስ የተባለ ጥቃቅን የአንጀት ትል ነው። ትሉ በባዶ እግር ከአፈር ወደ ሰውነት ይገባል፤ ምልክት ሳያሳይም ለአሥርት ዓመታት በሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል። ታማሚው ስቴሮይድ ሲጀምር ግን ትሉ በፍጥነት ተባዝቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሊሰራጭ፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል።

በዚህ ምክንያት በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚታከሙ ሰዎች የት ተወልደው እንዳደጉ ለሐኪማቸው መንገር አለባቸው። ከአገር ከወጡ 20 ዓመት ቢሆናቸውም መረጃው ጠቃሚነቱን አያጣም። ለትሉ በቀላል ምርመራ መለየትና በአጭር ጊዜ መታከም ይቻላል።

የመጀመሪያው መስመር መድኃኒቶች

ሕመሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ሲሆን በቅድሚያ የሚታዘዙት ሰልፋሳላዚንና ሜሳላዚን ናቸው።

ሰልፋሳላዚን ረጅም ታሪክ ያለው መድኃኒት ነው። በስዊድን ናና ስቫርትስ የተባሉ ሐኪም በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ሕመም አስበው ያስጀመሩት ሲሆን ለአንጀት ቁስለትም እንደሚጠቅም የታወቀው በዚያው ሂደት ነው። በአውሮፓውያኑ 1977 በኦክስፎርድ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከመድኃኒቱ ሁለት ክፍሎች አንጀትን የሚያክመው የትኛው እንደሆነ ለየ። ያ ክፍል ዛሬ ለብቻው ሜሳላዚን ተብሎ ይታወቃል።

ሰልፋሳላዚን ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ በብዙ አገራት አሁንም በስፋት ያገለግላል። ነገር ግን ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ሊወስደው አይገባም። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎችም ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ስለሚችል አስቀድመው መናገር ይኖርባቸዋል። ይህ ሁኔታ የዘር ሐረጋቸው ወባ ካለባቸው አካባቢዎች በሚመዘዝ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል።

መድኃኒቱ ሰውነት ፎሊክ አሲድ እንዳያገኝ ስለሚሻማ ሐኪሞች አብረው ፎሊክ አሲድ ያዝዛሉ። ሽንትን ብርቱካናማ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህ አያስደነግጥም። በወንዶች ላይ የዘር ፍሬን ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ከቆመ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልጅ ለመውለድ የተቸገሩ ባልና ሚስት ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ሳያውቁ ለዓመታት እንዳይጨነቁ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተለመዱ ሲሆኑ መድኃኒቱን ከምግብ ጋር መውሰድና መጠኑን ቀስ በቀስ መጨመር ያቃልላቸዋል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ቁስለት፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከታየ ግን መድኃኒቱ የደም ሕዋሳትን ወይም ጉበትን ጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

ሜሳላዚን በአብዛኛው ሰው ዘንድ የተሻለ ይስማማል። እንክብሉ አንጀት ጋ ሲደርስ ብቻ እንዲሟሟ ተደርጎ የተለበጠ ነው። ስለዚህ መሰባበር፣ መፍጨት ወይም ማኘክ አይገባም፤ ልባሱ ከተሰበረ መድኃኒቱ ቁስሉ ዘንድ ሳይደርስ ላይ ይቀራል። የተለያዩ ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው እንክብሎች የሚሟሙበት ቦታ ስለሚለያይ ያለ ሐኪም ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየርም አይመከርም።

ሜሳላዚን አልፎ አልፎ ኩላሊትን ስለሚጎዳ ከመጀመሩ በፊትና ከዚያ በኋላም በየጊዜው የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ለአስፕሪን አለርጂ ያለባቸው ሰዎችም ይህንኑ መናገር አለባቸው።

ሕመሙ በታችኛው የአንጀት ክፍል ብቻ ሲሆን በፊንጢጣ የሚሰጠው የሜሳላዚን ዓይነት በአፍ ከሚወሰደው የበለጠ ይሠራል። ብዙ ታማሚዎች በሐፍረት ምክንያት ይህን ይተዉታል። መድኃኒቱ በቀጥታ ቁስሉ ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ግን መተዉ ጉዳት አለው። ማታ ከመተኛት በፊት መጠቀም መድኃኒቱ በቦታው እንዲቆይ ይረዳል።

"ደህና ነኝ" የሚለው ወጥመድ

በአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ሕክምና ትልቁ ፈተና የሚመጣው ታማሚው ሲሻለው ነው። ደሙ ይቆማል፣ ክብደት ይመለሳል፣ መድኃኒቱም አላስፈላጊ ወጪ መስሎ ይታያል።

ነገር ግን ምልክቱ ጠፋ ማለት ሕመሙ ዳነ ማለት አይደለም። በአውሮፓውያኑ 2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕመሙ ጋብ ያለላቸውን 99 ሜሳላዚን የሚወስዱ ታማሚዎች ተከታትሎ ነበር። መድኃኒታቸውን በአግባቡ ያልወሰዱት ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ዕድል በአግባቡ ከወሰዱት ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

ለዓመታት የሚቆይ መቆጣት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድልም ይጨምራል። በመሆኑም የአንጀታቸው ሰፊ ክፍል የተጎዳ ታማሚዎች ምልክቶቹ ከጀመሩ ከ8 ዓመት ገደማ በኋላ በየጊዜው ኮሎኖስኮፒ እንዲደረግላቸው ይመከራል። መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ይህን ስጋት ለመቀነስም ይረዳል።

መድኃኒቱን በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድና ሳያልቅ ቀድሞ መግዛት ጠቃሚ ነው። አንድ ጊዜ የተረሳን መጠን ለማካካስ ግን በቀጣዩ ሰዓት እጥፍ መውሰድ አይገባም። ወጪው ከአቅም በላይ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር በዝምታ ከማቋረጥ የተሻለ ነው፤ ዋጋው የቀነሰ አማራጭ ሊገኝ ይችላላ ተብሎ ሳይሆን በእርግጥም ብዙ ጊዜ ስለሚኖር ነው።

ስቴሮይድ፦ ፈጣን ግን አደገኛ

ሕመሙ ሲበረታ ፕሬድኒሶሎንና መሰል የስቴሮይድ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ ሐኪሞች በ1950ዎቹ አጋማሽ ባሳተሙት ጥናት ኮርቲሶን ብዙዎችን ይገድል በነበረው ከባድ የአልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ላይ ውጤታማ መሆኑን አሳይተዋል። ስቴሮይድ ዛሬም ሕይወት ያድናል።

ሆኖም ሕመሙን የሚያረግበው ለጊዜው ነው፤ እንዳይመለስ አያደርግም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ እንቅልፍና ስሜትን ያውካል፣ ፊትን ያሳብጣል፣ ሰውነትንም ለኢንፌክሽን ያጋልጣል።

በብዙ የአካባቢው ከተሞች እነዚህን መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ ማግኘት አያዳግትም። አንድ ጊዜ የረዳቸውን ማዘዣ ይዘው ሕመሙ በተመለሰ ቁጥር ራሳቸው እየገዙ የሚወስዱም አሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ስቴሮይድ ከሦስት ሳምንት ገደማ በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የራሳቸውን ሆርሞን ማምረት ሊቀንሱ ይችላሉ። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ከባድ ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድና ራስን መሳት ሊከተል፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጠኑ የሚቀነሰው ሐኪሙ ባወጣው መርሐ ግብር መሠረት ቀስ በቀስ ነው።

መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር መውሰድ እንቅልፍ ማጣትንና የጨጓራ ሕመምን ይቀንሳል። በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ስቴሮይድ ያስፈለገው ሰው ዋናው ሕክምናው መቀየር እንዳለበት ማሳያ ነው።

የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶች

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች ካልበቁ አዛቲዮፕሪን ወይም ባዮሎጂክ የሚባሉት በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ።

አዛቲዮፕሪን ለመሥራት ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋስን ሊቀንስና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል በየጊዜው የደም ምርመራ ግድ ነው። በተለይ ለሪህ ከሚታዘዘው አሎፑሪኖል ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሎ የአጥንት መቅኔን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ሁለቱን መድኃኒቶች የሚያዝዙት ሐኪሞች የተለያዩ ሲሆኑ ይህን ማስታወስ የሚችለው ብዙ ጊዜ ታማሚው ራሱ ነው።

ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብን የመሳሰሉት ባዮሎጂኮች በሰውነት ውስጥ የተደበቀ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ቲቢ በስፋት በሚገኝበት አካባቢ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በመሆኑም ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራና የደረት ራጅ ይደረጋል፤ የተደበቀ ቲቢ ከተገኘም ሕክምናው ቀድሞ ይጀመራል። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም እንዲሁ አስፈላጊ ነው።

ቶፋሲቲኒብን የመሳሰሉ በአፍ የሚወሰዱ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2021 እነዚህ መድኃኒቶች ለከባድ የልብ ሕመም፣ ለስትሮክ፣ ለካንሰርና ለደም መርጋት ያላቸውን ስጋት በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አጫሾች፣ አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል።

ቢጫ ወባና ሌሎች ክትባቶች

የመከላከል አቅምን የሚቀንሱ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው በሕይወት ያሉ፣ የተዳከሙ ተዋሲያንን የያዙ ክትባቶችን መውሰድ የለበትም። ከእነዚህ አንዱ በአካባቢው አገራት ለመጓዝ በተደጋጋሚ የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶችም በዚሁ ረድፍ ይመደባሉ።

ለእረፍት ወደ ትውልድ አገሩ የሚመለስ ታማሚ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ ወይም በክሊኒክ ተቻኩሎ ከመከተቡ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ ክትባቱ የማይስማማው ሰው ይህንኑ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ እንዲይዝ ይፈቅዳል። የጉንፋን፣ የሳንባ ምችና የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ግን በሕይወት ያሉ ተዋሲያንን ስለማይይዙ በመርፌ መውሰዱ ይመከራል።

የእርግዝና ጊዜ

ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንዳወቁ ለፅንሱ በማሰብ መድኃኒታቸውን ያቆማሉ። ይሁን እንጂ ለእናትም ለፅንሱም ይበልጥ የሚያሰጋው ያልተቆጣጠሩት ሕመም ነው፤ ያለ ጊዜው የመውለድና የክብደት ማነስ ዕድልን ይጨምራል። ሜሳላዚን፣ ከፎሊክ አሲድ ጋር የሚወሰድ ሰልፋሳላዚን፣ አዛቲዮፕሪንና አብዛኞቹ ባዮሎጂኮች በሐኪም ክትትል ሊቀጥሉ ይችላሉ። ቶፋሲቲኒብ ግን በእርግዝናና በጡት ማጥባት ወቅት አይመከርም።

አንድ ጥንቃቄ በተለይ ሊረሳ አይገባም። እናት በእርግዝናዋ ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ ከወሰደች መድኃኒቱ በእትብት በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል፤ ከተወለደ በኋላም ለወራት በደሙ ውስጥ ይቆያል። በኢትዮጵያና በጎረቤት አገራት ቢሲጂ ለሕፃናት የሚሰጠው ወዲያው እንደተወለዱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሕፃን ግን ክትባቱ ራሱ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆንበት ስለሚችል ቢያንስ ለ6 ወራት፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነትም እስከ 12 ወራት ይዘገያል። ስለዚህ አዋላጇና ክትባት ሰጪዋ ከወሊድ በፊት ሊነገራቸው ይገባል።

የሕመም ማስታገሻና የተቅማጥ ማቆሚያ

ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። በመጠኑ የሚወሰድ ፓራሲታሞል የተሻለ አማራጭ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ለሕመም ማስታገሻ መርፌ ሲታዘዝም ስሙን መጠየቅ ይገባል።

ሕመሙ በበረታበት ወቅት ሎፔራማይድን የመሳሰሉ ተቅማጥ የሚያቆሙ መድኃኒቶችን መውሰድ አንጀቱ እንዲነፋና እንዲበሳ ሊያደርግ ይችላል። ተቅማጥ ባገረሸ ቁጥር ያለ ምርመራ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መውሰድም በራሱ አንጀትን የሚያቆጣ ሌላ ባክቴሪያ እንዲራባ መንገድ ይከፍታል።

ጾም፣ ጸበልና ባህላዊ መድኃኒት

በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ታማሚዎች አሉ። ሕመሙ ጋብ ያለለት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ የመውሰጃ ሰዓቱን ማስተካከል ይችላል፤ ለምሳሌ ሜሳላዚን በቀን አንድ ጊዜ ሊወሰድ ይችላል። ሕመሙ የበረታበት፣ ፈሳሽ የሚያጣና ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ግን በጾሙ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። በሁለቱም ሃይማኖቶች ዘንድ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ጸበል የሚጠመቁ ታማሚዎችም መድኃኒታቸውን ማቋረጥ አያስፈልጋቸውም። በኤችአይቪ ሕክምና ዙሪያ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ በነበረበት ወቅት የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ጸበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ ማስተማራቸው ይታወሳል።

እንደ ኮሶ ያሉ ሆድ የሚያጥቡ ባህላዊ መድኃኒቶች ግን ለቆሰለ አንጀት አይስማሙም፤ ተቅማጡን አባብሰው የሰውነትን ፈሳሽ ያሟጥጣሉ። ማንኛውንም ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል።

በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት

በአካባቢው የማይገኝን መድኃኒት ከውጭ ያለ ዘመድ መላኩ የተለመደ ነው። ይህ ብዙዎችን ቢረዳም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባዮሎጂኮች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው፤ በረዶ መሆንም የለባቸውም። ለቀናት በሙቀት የቆየ መርፌ መልኩ ባይለወጥም ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገራት ከሚገኙ የሕክምና ምርቶች ከአሥሩ አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። መድኃኒትን ፈቃድ ካለው መደብር መግዛት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩንና የአገልግሎት ጊዜውን ማየት አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱን ከዋናው ማሸጊያ ሳያወጡ፣ ከማዘዣው ቅጂ ጋር መያዝ በጉዞ ላይም ይጠቅማል።

መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚገባው?

በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለበት ሰው፣ በተለይ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ብርቱ ድካም ከታከለበት፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የሆድ መነፋትና የማያቋርጥ ከባድ ሕመምም አፋጣኝ ሕክምና ይሻሉ። የመከላከል አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ትኩሳት ብቻውን ለመታየት በቂ ምክንያት ነው።

ባለሙያዎች ለሁሉም ታማሚ የሚመክሩት አንድ ቀላል ነገር አለ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ አለርጂ ካለ እርሱንና የመጨረሻውን የደም ምርመራ ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ መያዝ ነው። የትኛውም ክሊኒክ ወይም መድኃኒት መደብር ሲገቡ ወረቀቱን ማሳየት፣ ሁለት የማይስማሙ መድኃኒቶች በአንድ ሰው እጅ እንዳይገናኙ ያደርጋል።